በሰንጋ የተገዛ ድምፅ

የምንቀድስበት ሕንፃ የእኛ አይደለም። ጀርመን አገር እንዳለው እንደ ብዙው ደብር እኛም ከሉተራኖቹ ተውሰን፣ እነሱ በማይገለገሉበት ሰዓት ገብተን መጋረጃውን እንሰቅላለን፣ ምንጣፉን እናነጥፋለን፤ ስንጨርስ ሁሉን እንደነበረ መልሰን እንወጣለን። ቀድመው ከሚደርሱት አንዱ እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ምንጣፍ ተሸክሜ ስገባ ኦርጋን የሚጫወቱት አሮጊት ሴትዮ ልምምዳቸውን አልጨረሱም ነበርና ታች ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። ሲወርዱ፣ ዝም ከማለት ብዬ «ጥሩ ኦርጋን ነው?» አልኳቸው። ትከሻቸውን ሰበቅ አድርገው «ይሠራል፤ ግን የየትም አገር አይደለም» አሉኝና ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ።

(ኦርጋን ስል ሠርግ ቤት የለመድነውን የኤሌክትሪክ ኪቦርድ አይደለም። ሰገነቱን ሞልቶ የሚቆመውን፣ በነፋስና በቱቦ የሚሠራውን ትልቁን የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ያቺ ቃል አልለቅ አለችኝ። ጀርመን ውስጥ፣ በጀርመን እጅ የተሠራ ዕቃ እንዴት ነው የየትም አገር የማይሆነው? የመኖሪያ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ ለሚዞር ሰው እንዲህ ያለ አነጋገር ጆሮ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በሌላ ቀን ጠብቄ ጠየቅኋቸው። የእኛው ኦርጋን ከጦርነቱ በኋላ በቦምብ በፈረሱ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በጥድፊያ ከተተከሉት አንዱ ነው አሉኝ፤ ሙኒክ ቢቆም ሃምቡርግ ያው ድምፅ ነው። የድሮዎቹ ግን ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማ እንኳ የባሕሩን ዳር ከተራራው፣ የሳክሶኒን ከባቫሪያ ትለያለህ አሉ። «ሂድና ስማ፤ በወሬ አይሆንም።»

ይህን ለደብራችን መሪጌታ ስነግራቸው ከቁም ነገር ይቆጥሩታል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ኦርጋን ከቤታችን አይደለም፤ እኛ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ አለን። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ድጓው አንድ ነው፤ ቤተልሔም ሲባል፣ ቆማ ሲባል፣ ተጉለት ሲባል ግን ዜማው ሌላ ነው። አጫብርም አለ። እነሱስ ለምን አይኖራቸው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ የሰማሁትን ሁሉ የምለካው በዚህች በእሳቸው አባባል ሆነ።

ነጋዴው ምን ፈለገ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከአሠራሩ ልጀምር። አንድ ቱቦ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ተሰልፈው አንድ ዓይነት ቃና የሚሰጡ ቱቦዎች ሬጊስተር ይባላሉ፤ ተጫዋቹ በጎኑ ያለውን የእንጨት መሳቢያ ሲስብ ያ ረድፍ ነፋስ ያገኛል። ስድሳ መሳቢያ ያለው ኦርጋን ስድሳ ዓይነት ቃና አለው ማለት ነው። ቃናውን የሚወስነው ቱቦው ከእንጨት ይሁን ከብረት፣ ብረቱ ውስጥ ያለው የእርሳስና የቆርቆሮ መጠን፣ የአፉ አቆራረጥ፣ ከወናፉ የሚመጣው ነፋስ ጉልበት ነው። አንዳንዱ ቱቦ እንደ ዋሽንት በከንፈሩ ያፏጫል፤ አንዳንዱ ደግሞ ውስጡ የናስ ምላስ አለውና እሱ ነው የሚንቀጠቀጠው። ይህን ሁሉ የሚያጣጥመው ሠሪው ነው። ሠሪውን የሚያዘው ግን ከፋዩ ነው፤ ከፋዩ ምን መስማት እንደፈለገ ሳይታወቅ ድምፁ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አይገባም።

በሰሜን፣ በሃምቡርግና በሉቤክ፣ በሽትራልዙንድ፣ ከፋዩ የባሕር ነጋዴ ነበር። በጡብ የተሠሩ ግዙፍ አብያተ ክርስቲያናት፣ የሚዘምር ብዙ ሕዝብ፣ ከጎረቤት ከተማ ጋር የማያባራ ፉክክር። የሉቤኩ ኦርጋን ተጫዋች ቡክስተሁደ በማሪያ ቤተ ክርስቲያን ያዘጋጃቸው የነበሩት የምሽት ሙዚቃዎች ወጪ የሚሸፈነው ከነጋዴዎች ኪስ ነበር። ያንን ሰው ለመስማት ነው ኋላ የሙዚቃ ደራሲዎች ቁንጮ የተባለው የሃያ ዓመቱ ባኽ በ1705 ከአርንሽታት ተነሥቶ ወደ አራት መቶ ኪሎ ሜትር በእግሩ የተጓዘው፤ የአራት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ አራት ወር ገደማ ቆይቶ ሲመለስ አሠሪዎቹ ተቆጡት። እኔ አልፈርድበትም።

የሰሜኑ ኦርጋን ሲታይ ራሱ ንግግሩን ያሳውቃል። አንድ ትልቅ ሣጥን አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቤት አለው። ዋናው ከፊት ይቆማል፤ ትንሹ ከተጫዋቹ ጀርባ በሰገነቱ አጥር ላይ ወደ ሕዝቡ ይወጣል፤ በእግር የሚረገጡት የወፍራሞቹ ድምፆች ቱቦዎች ግራና ቀኝ ግንብ መስለው ይቆማሉ። ስለዚህ ድምፁ ከአንድ ቦታ አይመጣም፤ ከዚህ ሲጠይቅ ከዚያ ይመልሳል፣ ከጎን ደግሞ ባሱ ይገባል። ባለምላሶቹ ቱቦዎች ብዙ ናቸው፤ ሻካራ፣ ጎርናና፣ አንዳንዴም አፍንጫ አፍንጫ የሚሉ። ሽቅብ የሚወጡት ስለታም ድምፆች ደግሞ ሺህ ሰው ሲዘምር ከላዩ ተንሳፍፈው ይሰማሉ።

የዚህ አካባቢ የኦርጋን ሠሪዎች ጌታ አርፕ ሽኒትገር ነው፤ በ1648 ተወልዶ በ1719 ያረፈ። በ1693 የጨረሰው የሃምቡርጉ ቅዱስ ያዕቆብ ኦርጋን 60 ሬጊስተርና ወደ 4,000 የሚጠጉ ቱቦዎች አሉት። ባኽ በ1720 እዚያ ለመቀጠር አመልክቶ ነበር። ቦታው ግን ለቤተ ክርስቲያኑ 4,000 ማርክ ለከፈለ ሃይትማን ለሚባል ሰው ተሰጠ። እዚያ ቁጭ ብዬ ስሰማ፣ የሚያስደነግጠው የባሱ ድምፅ ከወንበሩ እንጨት ወደ ጀርባዬ ሲገባ፣ በልቤ «እንዲህ ያለ ነገር በነፃ አይገኝም» ነበር ያልኩት። የሀብታም ከተማ ድምፅ ነው፤ መሆኑንም አይደብቅም።

ሪዙም

የሃምቡርጉ ኦርጋን አስደነቀኝ እንጂ የሴትዮዋን ቃል አልፈታልኝም። የፈታልኝ ስሙን እንኳ ብዙ ጀርመናዊ የማያውቀው ሪዙም የሚባል መንደር ነው።

ሪዙም ያለው በኦስትፍሪስላንድ፣ ከኤምደን ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሆላንድ ከወንዙ ማዶ በሚታይበት ጥግ ነው። አገሩ ዝርግ ነው። ባሕሩ እንዳይገባ ግድብ ተሠርቶለታል፤ ግድቡ ላይ በጎች ይግጣሉ፤ ነፋሱ ለአፍታም አያርፍም። መንደሩ የተሠራው ግድብ ከመኖሩ በፊት ሰዎች ከጎርፍ ለማምለጥ አፈር ቆልለው ባበጁት ክብ ጉብታ ላይ ሲሆን መንገዶቹ ይዞሩና መሐል ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ይገኛል። ቁልፉን የያዙት ሽማግሌ በብስክሌት መጥተው ከፈቱልኝ። እጃቸው የገበሬ እጅ ነው።

ኦርጋኑ ትንሽ ነው። የሃምቡርጉን ላየ ሰው ቁም ሣጥን ይመስላል። ሬጊስተሮቹ ሰባት ናቸው፤ የቁልፍ ረድፉ አንድ። ዕድሜው ግን ከ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ይቆጠራል፤ በጀርመን እስካሁን ከሚጫወቱት ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። በእኛ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ማለት ነው። በእርግጥ በየዘመኑ ያልተነካካ አይደለም፤ በ1959 ገደማ ዩርገን አሬንት እና ጌርሃርት ብሩንዜማ የሚባሉ ያኔ ወጣት የነበሩ ሠሪዎች ጠግነው ወደ ቀድሞ ቋንቋው መልሰውታል። አሬንት ኋላ የሃምቡርጉን የሽኒትገር ኦርጋንም ያደሰ ሰው ነው።

ሽማግሌው አንድ መሳቢያ ብቻ ሳቡ፤ ፊት ለፊት ያሉትን ቱቦዎች የሚያናግረውን። ሦስት ጣታቸውን አሳረፉ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ አልነበረም፤ ከድምፁ በፊት የምትመጣ ትንሽ ትንፋሽ ነበረች። ሰው «ሀ» ከማለቱ በፊት ጉሮሮው ውስጥ የምታልፈዋን ዓይነት። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ለስላሳ አይደለም፣ ግን ይሞቃል፤ የሰው ጉሮሮ አለበት። ሦስቱ ድምፆች ተደርበው ቆሙ። በእውነት ቆሙ። በኪቦርድም ሆነ በፒያኖ ሦስት ድምፅ አብሮ ሲመታ በጥንቃቄ ለሚሰማ ሰው ውስጡ ይርገበገባል። ይሄኛው እርግብግቢት የለውም ማለት ይቻላል። ሽማግሌው ጣታቸውን ሳያነሡ ቆዩ፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ፤ ውጭ ነፋሱ መስኮቱን ይገፋል።

ቀጥለው ፈገግ አሉና እጃቸውን ወደ ሌላ ጥግ ወሰዱ፤ የጥቁሩን ቁልፍ ጨምረው ተጫኑ። ተንጫጫ! ጆሮ የሚበላ ጩኸት ነው የወጣው። «ተኩላው ነው፤ እዚህ ድርሽ አትበሉ ነው የሚለን» አሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ቅኝት ነው። በአንድ ስምንትዮሽ ውስጥ ያሉት 12 ድምፆች ሁሉ እርስ በርሳቸው ፍጹም ሊስማሙ አይችሉም፤ ተፈጥሮው አይፈቅድም፤ የሆነ ቦታ ጉድለት ይተርፋል። የዛሬው ቅኝት ጉድለቱን ለሁሉም እኩል ስለሚያካፍል ሁሉም ጥቂት ጥቂት ይዛነፋል። የጥንቶቹ ሠሪዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጉትን ድምፆች አጥርተው ቀኝተው ጉድለቱን ሁሉ ማንም ወደማይሄድበት ጥግ ገፉት። አንቺ ሆዬን በማሲንቆ ሰምቶ ኋላ በኪቦርድ የሰማ ሰው ይህ ነገር አዲስ አይሆንበትም፤ ኪቦርዱ ላይ የሌለ ድምፅ ማሲንቆው ላይ አለ።

ግን ነገሩን የለወጠብኝ ቅኝቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ዞረው ያወሩኝ ነው። ኦርጋኑ የተገዛው በከብት ነው። የመንደሩ አለቃ የሰቡ ከብቶቻቸውን የኤምስን ወንዝ አሻግረው ወደ ሆላንዷ ግሮኒንገን እንዲወስዱ ፈቃድ መለመናቸው ተመዝግቧል፤ የኦርጋኑ ዋጋ እንዲከፈልበት። «ሰንጋ ነው የሰጠነው» አሉኝ፣ ትናንት የሰጡት ይመስል። «ሰጠን» ነው ያሉት፤ «ሰጡ» አላሉም።

ቆይ እስኪ አልኩ። ባሕር በየጊዜው የሚያስፈራራው የገበሬ መንደር ነው። ከብት ማለት ክረምቱን የሚያሻግር ሀብት ነው። ያንን ነድቶ ወንዝ አሻግሮ ድምፅ ገዝቶ መመለስ ምን ማለት ነው? ያውም ለሃምቡርግ ነጋዴ ትርፍ የሆነውን ነገር። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም እንላለን፤ እነዚህ ሰዎች ያላቸውን ወረወሩ። በዚያ ቅጽበት ሴትዮዋ ያሉት ነገር ገባኝ መሰለኝ። አንድ ኦርጋን የአገር የሚሆነው በአፈሩ ወይም በሠሪው ዘር አይደለም፤ የሪዙሙን የሠራው ራሱ ከወንዙ ማዶ የመጣ የግሮኒንገን ሰው ነው ይባላል። ያ ሕዝብ ከጎኑ ቆርሶ ስለከፈለበት፣ ከከፈለ በኋላም በየእሑዱ ጆሮውን በሱ ላይ ስላሳደገ ነው።

ሌላም ነገር አሉኝ፣ እየሳቁ። «አያቶቻችን ገንዘብ ቢኖራቸው ኖሮ ይሄ ዛሬ እዚህ አይኖርም ነበር።» ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ግን የአካባቢው ታሪክ ይኸው ነው። ኦስትፍሪስላንድና ግሮኒንገን ዛሬ በጥንታዊ ኦርጋን ሀብታቸው ከዓለም ተወዳዳሪ የላቸውም ከሚባሉት ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሀብታሞቹ ከተሞች በፋሽኑ ተጎትተው የድሮውን እያወጡ አዲስ ሲተክሉ፣ እነዚህ መንደሮች አቅም አጡ። እዚህ አንድ ቱቦ እየለጠፉ፣ እዚያ ወናፉን በቆዳ እየደፈኑ፣ ያለውን ይዘው ቆዩ። ድህነትን ማመስገን አልወድም፤ ድህነትን የሚያመሰግን ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ አልደኸየም። ግን እውነቱን ለመናገር ድምፁን ያቆየው እሱ ነው።

የሃምቡርጉ ደግሞ በዕድል ተረፈ። በ1917 መንግሥት ለጦርነት ብሎ ከየቤተ ክርስቲያኑ የፊት ቱቦዎችን ሰበሰበ፤ ቆርቆሮ ያስፈልገው ነበርና። የሽኒትገር የፊት ቱቦዎች ያኔ ሄዱ። የውስጦቹ በ1942 ተነቅለው ስለተሸሸጉ፣ በ1944 ሕንፃው በቦምብ ሲመታ ቱቦዎቹ እዚያ አልነበሩም። ዛሬ ፊት ለፊት የምናያቸው የሚያብረቀርቁ ቱቦዎች አዲስ ናቸው፤ ከኋላቸው የሚዘምሩት ግን አብዛኞቹ የጥንቶቹ ናቸው።

ብርና ደን

ከሰሜን ወደ ሳክሶኒ ሲወረድ ከፋዩ ይለወጣል። ፍራይበርግ (ጥቁር ደን አጠገብ ያለችው ፍራይቡርግ አይደለችም) የብር ማዕድን ከተማ ነበረች። በ1710 የካቴድራሏን ኦርጋን ለሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ሰጠች፤ ጎትፍሪት ሲልበርማን ይባላል። ሙያውን የተማረው ሽትራስቡርግ ወንድሙ ዘንድ ስለሆነ ፈረንሳይ በጆሮው ገብታለች። በ1714 ተመርቆ እስካሁን ያለው ይህ ኦርጋን ከሽኒትገር ጋር አንድ ዕቃ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። በሰሜን እያንዳንዱ ክፍል ከየአቅጣጫው ይሟገታል፤ እዚህ ሁሉም በአንድ ሣጥን ውስጥ ተስማምቶ ይቀመጣል። ድምፁ የጠራ፣ የተወለወለ፣ አንድም ሸካራ ጥግ የሌለው ነው። ሰዎች ብር ይመስላል ይላሉ፤ በሠሪው ስምና በከተማዋ ማዕድን የተነሣ ቀልድም አለበት። ቱቦዎቹ ውስጥ ግን ያለው ብር አይደለም፣ በርከት ያለ ቆርቆሮ ነው።

ሲልበርማን ሞዴል ነበረው፤ ከሞዴሉ አይወጣም። ደንበኛው ልዩ ነገር ቢጠይቅ የሚሰጠው ያውቅበታል የተባለውን ነው። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ኦርጋኖች ሠርቶ ከሠላሳ የሚበልጡት መትረፋቸው የጥራቱ ምስክር ነው። እኔን ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትንሽ አሰለቸኝ። ሁሉ ነገር በጣም ልክ ነው። የሪዙም ጉሮሮ ናፈቀኝ።

ተማሪው የነበረው ሂልደብራንት ግን ሌላ ነው። ኋላ ከጌታው ጋር ተጣልቶ በራሱ የቆመ ሰው ሲሆን በ1746 በናውምቡርግ የቅዱስ ቬንሰል ቤተ ክርስቲያን ባለ 53 ሬጊስተር ኦርጋን አስረከበ። የመረመሩት ሁለት ሰዎች ባኽና ራሱ ሲልበርማን ናቸው። ጣራው ሥር ቆሞ መልሱን የሚጠብቀውን ሂልደብራንት አስቡት፤ አንዱ መርማሪ የዘመኑ ታላቅ ጆሮ፣ ሌላው የተጣላው መምህሩ። ሥራው አለፈ። ድምፁ የሲልበርማን ጥራት አለው፣ ግን ከሥሩ ወፍራምና ሞቃት ነው፤ የጎረቤቱ የቱሪንገን አየር ገብቶበታል።

ቱሪንገን ደግሞ የደን አገር ነው። መንደሩ ትንሽ ነው፣ ግን ኦርጋን የሌለበት መንደር ማግኘት ያስቸግራል። እዚያ ሠሪዎቹ ስለታሙን ድምፅ ትተው በሰው ድምፅ ልክ ያሉትን ባለ 8 ጫማ (ትልቁ ቱቧቸው ወደ 8 ጫማ የሚረዝም) ሬጊስተሮች አንድ ላይ አበዙ፤ አንዱ ዋሽንት፣ አንዱ ክር እንደሚጎትት ቫዮሊን፣ አንዱ አየር የሚበዛበት ለስላሳ። ትሮስት የሚባለው ሠሪ በ1739 በአልተንቡርግ ቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት የጨረሰው የዚህ ዓይነት ነው፤ ባኽም በዚያው ዓመት ተጫውቶበታል። እነዚህን እንደ ቀለም ቀላቅለው ይጫወታሉ። ባኽ ተወልዶ ያደገው በዚህ ድምፅ ውስጥ መሆኑን ሳስብ፣ ሙዚቃውን ሁሉ በሃምቡርግ ጩኸት ብቻ መስማት የለብንም እላለሁ። የሰሜን ሰዎች አይስማሙም። አይስማሙ።

ገዳሙ

ስለ ደቡብ ብዙ አልልም፤ ልቤ እዚያ አልቀረም። ግን ቫይንጋርተንን ያየ ሰው አይረሳም። የቤኔዲክቲን መነኮሳት ገዳም ነበር፤ ኦርጋን ሠሪው ጆሴፍ ጋብለር ከ1737 እስከ 1750 ደከመበት። ከፋዩ እዚህ አበምኔቱ ነው፤ ኦርጋኑ ሺህ ሰው አብሮ እንዲዘምር መምራት አይጠበቅበትም፤ ቅዳሴውን ማስዋብ እንጂ። የምዕራቡን ብርሃን የሚያስገቡትን ስድስት መስኮቶች እንዳይሸፍን ጋብለር ታዞ ስለነበር ኦርጋኑን ከፋፍሎ በመስኮቶቹ ዙሪያ አዞረው። ድምፁ ለስላሳና ብዙ ቀለም ያለው ነው፤ አንዳንዱ ሬጊስተር ከመድከሙ የተነሣ መሰማቱን ለማወቅ ጆሮ ማቅናት ያስፈልጋል። ቱቦዎቹ 6,666 ናቸው ይባላል፤ ጋብለር የሰውን ድምፅ የሚያስመስለውን ሬጊስተር ለማግኘት ነፍሱን ለሰይጣን ሸጠ የሚል ተረትም አለ። አስጎብኚዎች ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። ለእኔ ከተረቱ ይልቅ የሚገርመው የስሟን ትርጉም የወይን እርሻ ላደረገች ገዳም ትንንሽ ደወሎቹን እንደ ወይን ዘለላ አድርጎ መስቀሉ ነው።

እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም መሰለኝ። ሪዙምን ቫይንጋርተን ላይ ብታቆሙት ጨዋነት የጎደለው ገበሬ ይመስል ነበር፤ የጋብለርን ሪዙም ብታመጡት ደግሞ ነፋሱ ብቻውን ይበልጠዋል።

የሌለውን መመለስ

ዩኔስኮ በ2017 የጀርመንን የኦርጋን ሥራና ሙዚቃ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። አገሪቱ ውስጥ ወደ 50,000 ኦርጋኖችና 400 የሚሆኑ የኦርጋን መሥሪያ ቤቶች እንዳሉ ያኔ ተጽፏል። ጥሩ ነው። ግን የሚቀጥለው ጥያቄ ከመዝገቡ አይመለስም፤ የጠፋውስ? ጀርመኖች ራሳቸው በዚህ አልተስማሙም።

የሃምቡርጉ ካታሪነን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን፣ ባኽ በ1720 በሽማግሌው የቤቱ ኦርጋን ተጫዋች በራይንከን ፊት የተጫወተበት፣ በ1943 ተቃጠለ። አስቀድመው የሸሸጓቸው 520 ቱቦዎች ስለቀሩ፣ ፍሌንትሮፕ የሚባለው የሆላንድ ድርጅት በእነሱ ዙሪያ የቀረውን እንደገና ሠርቶ በ2013 አስረከበ። ይህ ለእኔ ይገባኛል። 520 ቱቦ ካለ ሠሪው የሚጠይቀው ምስክር አለው፤ አንዱን ነፍቶ ጎረቤቱን በሱ ልክ ያስተካክላል።

ድሬስደን ግን ሌላ ነው። ፍራወንኪርሸ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ሲልበርማን በ1736 የሠራው ኦርጋን፣ ባኽም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የተጫወተበት፣ በ1945 ከሕንፃው ጋር ጠፋ። ሕንፃው ከፍርስራሹ ድንጋይ እየለቀሙ ተመልሶ በ2005 ሲከፈት፣ ኦርጋኑ ሲልበርማንን የሚመስል ቅጂ ይሁን ወይስ አዲስ በሚል ትልቅ ጠብ ተነሣ። ቅጂ ያሉት ሰዎች ያነሱት ነጥብ ከባድ ነው፤ ድንጋዩን እንደ ቀድሞው መልሳችሁ ድምፁን ለምን ትለውጣላችሁ? በመጨረሻ ሥራው ለሽትራስቡርጉ ለዳንኤል ከርን ተሰጠ፤ ሲልበርማን ሙያውን የተማረባት ከተማ ልጅ። ከፊት የሚታየው ገጽታ የጥንቱ ነው፤ ውስጡ የሲልበርማንን ሬጊስተሮች ዓይነት ይዞ፣ በላዩ ሲልበርማን አስቦት የማያውቀውን የ19ኛውን መቶ ዘመን ቀለም ጨመረ።

ብዙዎች ተናደዱ፤ እስካሁን የሚናደዱም አሉ። እኔ ከሪዙም በኋላ ወደ ከርን አደላሁ። ድንጋዩ ፍርስራሹ ውስጥ ተገኝቷል፤ ድምፁ ግን አንድ ቱቦ እንኳ አልተወም። ያ ድምፅ የ1736 ሰዎች የሆነው ከፍለው፣ ሰምተው፣ ለምደውት ስለነበር ነው። የ2005 ሰዎችም ከዓለም ዙሪያ በተለመነ ገንዘብ ሕንፃቸውን መልሰው ሠሩ፤ ምን መስማት እንደሚፈልጉ መወሰንም የእነሱ ነው። እዚያ ባኽ ሲጫወቱበት ሰምቻለሁ፣ ደህና ነው። ፈረንሳያዊ የ19ኛ መቶ ዘመን ሥራ ሲጫወቱበት ይበልጣል። ሲልበርማንን የፈለገ ሰው ወደ ፍራይበርግ ባቡር ይሳፈር፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።